ባላምባራስ ጓንጉል ትከሻ የነቀነቁበት ቅልቅል

እኛ አገር አንድ ሰው እጣቢውን ከአጥሩ ማዶ ሲደፋ ወይም የሞተ ውሻ ጎትቶ ገደል ሲጥል የታየ እንደሆነ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አነጋገር ጣል ያደርግበታል። ሰውየው ያፍራል። የሚያፍረው አነጋገሯ ስለምትጎመዝዝ ብቻ አይደለም፤ ታሪኳን ስለሚያውቅ ነው። አሁን አሁን ከተማ የገቡት ልጆቻችን አነጋገሯን ይዘው ታሪኳን ጥለዋታል። ባለፈው አንዱ ሰርግ ላይ ምርቃት መስሎት ሙሽሮቹን ሲመርቅባት ብሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አረ በሕግ! ስለዚህ ዛሬ ከሥሯ ልንገራችሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የታች ወይራይት ልጅ ነኝ፣ ትንሽ ባዳላ አትፍረዱብኝ። ባሌ ደግሞ የላይ ወይራይት ሰው ነው። እሱ ሲያወራው ሌላ ነው፤ አትስሙት።

ወይራይት የወንዛችን ስም ናት። ከተራራው ሥር ትነሳለች፤ የላይ ወይራይትን መንደር ታቋርጥና ገደሉን ወርዳ እኛ ሜዳ ላይ ትንጣለላለች። ላዮቹ ገብስና ቃጫ አላቸው፤ እኛ ጤፍና ከብት አለን። በእናቴ የልጅነት ዘመን እላይ ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዘለግ ያሉ፣ ኮስታራ፣ ሳቅ የተጣላቸው ሰው። ሰርግ ቤት እንኳ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲጨፍር እሳቸው ተቀምጠው ነው የሚያዩት። "ትከሻ የተፈጠረው ጋቢ ሊደረብበት ነው" ይሉ ነበር አሉ።

ገመድ ማለት እሳቸው ናቸው። በአገሩ የታሰረ በሬ፣ የተጫነ አህያ፣ የቆመ ዳስ ሁሉ የጓንጉል ገመድ ነበረበት። ገመድ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። የቃጫው ቅጠል ይቆረጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ ልጣጩ በስብሶ ክሩ ብቻ እስኪቀር ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የተዘፈዘፈ ቃጫ ሸትቷችሁ ያውቃል? አያሽታችሁ! አረንጓዴ አረፋ ይደፍቃል፤ ጭማቂው ገላ የነካ እንደሆነ እንደ ሳማ ይለበልባል። የባላምባራስ ሠራተኞች እጅና እግራቸውን ቅቤ ሳይቀቡ አይጠጉትም ነበር።

የባላምባራስ አባትና አያት ቃጫ ሲዘፈዝፉ ከወንዙ ርቀው ጉድጓድ ቆፍረው ነው። ውሃውን በእንስራ አስቀድተው ይሞሉታል፤ ሲጨርሱ አፈር ይመልሱበታል። ባላምባራስ ግን ችኩል ናቸው፤ ነገር ማሳጠር ይወዳሉ። "ወንዝ ከደጄ እያለ ምን ጉድጓድ ያስቆፍረኛል? ወንዝ ራሱ ዘፍዛፊ፣ ራሱ አጣቢ፣ ራሱ ጠራጊ!" አሉና ቃጫውን በነዶ በነዶ እያሳሰሩ ወይራይት ውስጥ በድንጋይ ያስጭኑት ጀመር። ለራሳቸው የሚጠጡትን ከቃጫው በላይ ያስቀዳሉ። እጣቢውን ወይራይት ይዛው ገደሉን ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ባላምባራስ አያዩትም።

ክረምት ላይስ ግድ የለም ነበር። ወይራይት ስትሞላ የሰጧትን ሁሉ ጠራርጋ ነው የምትሄደው። በጋ ሲመጣ ነው ጉዱ። ውሃው ይቀጥናል፤ ቃጫው ግን አይቀጥንም። መጀመሪያ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። ቀጥሎ ላሞቹ ወንዙ ድረስ ይወርዱና ያሸቱና፣ ቀና ብለው ሰው ሰውን እያዩ ይመለሱ ጀመር። ላም የተጸየፈችውን ሰው እንዴት አድርጎ ይጠጣዋል? ሴቶቹ ወንዙን እርግፍ አድርገው ትተው ከቋጥኙ ሥር ካለች ምንጭ መቅዳት ያዙ። ምንጪቱ ጠብ ጠብ የምትል ናት፤ አንድ እንስራ እስኪሞላ ጸጉር ተሠርቶ ያልቃል። መንገዱም ዳገት ነው። እናቴ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ትከሻዋ ላይ የእንስራ ማዘያ ገመድ ጠባሳ ነበራት። ገመዱ የማን ይመስላችኋል? የጓንጉል!

የታች ወይራይት ሽማግሌዎች ተማከሩና አያ ዘርጋውን አስቀድመው ወደ ላይ ወጡ። አያ ዘርጋው ብዙ ከብት ያለው፣ ነገር የማያከር፣ ለዘብ ያለ ሰው ነበር።

"ባላምባራስ፣ እባክዎ ቃጫዎን ከወንዝ ያውጡልን። ዓሣው አለቀ" አላቸው።

"ዓሣ አጥማጆች መሆናችሁን አላውቅም ነበር" አሉ ባላምባራስ።

"ከብቱስ ጌታዬ? ከብቱም ውሃ እምቢ አለ።"

"ከብት ሲጠማው ይጠጣል። ደግሞ እኔ ደጅ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ኑና እዩት! ከገደሉ በታች የሚሆነውን ገደሉን ጠይቁት።"

ሽማግሌዎቹ ኩም ብለው ወረዱ። ደግመው ወጡ፣ ባላምባራስ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ምን ይደረግ? ባለ ወንዝ ሆነን ውሃ እየለመንን ከረምን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የአያ ዘርጋው ልጅ አድማሱ ገበያ ላይ የባላምባራስን ልጅ አንጓችን አያት። እሷም አየችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ያለ ምክንያት የገበያ አዘውታሪ ሆኑ። አንጓች እናቷ በልጅነቷ የሞተችባት ናት፤ ለአባቷ የዓይናቸው ብሌን ነበረች። ለዓለም ሁሉ የተኮሳተረው ፊታቸው እሷን ሲያይ ይፈታል። ሽማግሌ ሲላክ እምቢ ይላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ዳሩ ግን የታች ወይራይትን ጤፍ ይወዱት ኖሯል። "ልጄ ጤፍ አገር ትገባለች" ብለው ፈቀዱ። አያ ዘርጋው ያን ጊዜ የወንዙን ነገር ማንሳት ይችል ነበር። አላነሳም። "የልጆች ደስታ ከነገር ጋር አይቀላቀልም" አለ። እኔ ብሆን አነሳ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ!

ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ባላምባራስ አገር የሚያወራለት ድግስ ሊደግሱ ተነሱ። ዳሱን የሚያስር ገመድ፣ ለእንግዳ በቅሎዎች ማሰሪያ ገመድ፣ ደግሞም ገበያ የሚወጣ ገመድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገና በታኅሣሥ ተራራው ላይ የነበረውን ቃጫ አንድ ሳያስቀሩ አስቆርጠው፣ ያቺ ወንዝ ቀጥና ቀጥና ድንጋዮቿ በሚታዩበት ወር ሁሉንም ባንድ ላይ ዘፈዘፉት። ወይራይት ውሃነቷ ቀርቶ አረንጓዴ ሆነች።

ሰርጉስ አምሮ ነበር፤ አልዋሽም። አንጓች በበቅሎ ሆና ልትወርድ ስትል ባላምባራስ ጉንጯን ስመው፣ "አንቺን የከፋሽ ቀን እኔ በቁሜ ሞትሁ ማለት ነው" አሏትና አለቀሱ። ሰው ሲያለቅሱ ያያቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

አንጓች ጫጉላ ገባች። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሙሽራ ከጫጉላ አትወጣም፤ ውሃ አትቀዳም፤ ፀሐይ እንኳ በበሩ ቀዳዳ ነው የምታየው። ይህቺ ልጅ ግን ወንዝ ዳር ያደገች ናት። በአባቷ ቤት ሳለች ከቃጫው ከፍ ብላ ወይራይት ላይ ሳትታጠብ ውላ አታውቅም። እዚህ ግን ከዚያች ከምትንጠባጠብ ምንጭ በቅል ተለክቶ ነው የሚመጣላት። ጥቂት ቀን ታገሠች። ከዚያ አንድ ማለዳ ሰው ሳይነቃ ኩታዋን ተከናንባ ሹልክ አለች፤ ወንዙ ገብታ ከጸጉሯ እስከ እግሯ ተለቃልቃ ተመለሰች። ሽታው አልሸተታትም? ሸቷታል እንጂ! የቃጫ ሽታ ግን ለሷ የቤቷ ሽታ ነው፤ አባቷ ከሥራ ሲገቡ የሚሸቱት። እንዲያውም ናፍቆቷን ቀለል ሳያደርግላት አልቀረም። ወንዝ ሁሉን ያጥባል እየተባለ ነው ያደገችው፤ አምና ነው የገባችበት።

ረፋዱ ላይ ገላዋ ሽፍ አለ። ማከክ ጀመረች። ባይጠራልኝ ነው ብላ በማግስቱ ደግማ ታጠበች፤ ያውም በደንብ አድርጋ! ፊቷ ሳይቀር ተለበለበ። አማቷ ወይዘሮ አስካለ ገብታ ብታያት ክው አለች። ከዚያ ወሬው ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ መንደር ወጣ። "ላዮቹ እከካም ልጅ ሸፋፍነው ሰጡን!" ተባለ። እንዲህ የተባለች ሙሽራ ምን እንደሚገጥማት ይታወቃል። ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ በሯን የሚያንኳኳ አይኖርም። አንጓች ወንዝ ወርጄ ነበር እንዳትል፣ ጫጉላ ጥሳ የወጣች ባለጌ ልትባል ነው። ዋጥ አድርጋ ዝም አለች። አድማሱ ብቻ የጫጉላው በር ላይ ተቀምጦ፣ "እከክም ከሆነ የኔ እከክ ነው፤ ማንም አይወስዳትም" አለ። ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ያለ ባል አሁን የት ይገኛል!

ሽማግሌዎቹ ነገሩ በቅልቅሉ ቀን እንዲያልቅ ወሰኑ። በቅልቅል የወንዱ ወገን የሴቷን ወገን ጠርቶ ያበላል፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ይቀላቀላሉ። "ብልት ሳናጎድል እናብላቸው፤ ሲጨርሱ ልጃቸውን ይዘው ይሂዱ" ተባለ። እንዲህም ሆኖ እንግዳ አይራብም፤ የእኛ ሰው ክፉ አይደለም።

ባላምባራስ ወሬው መንገድ ላይ ደርሷቸው ኖሮ ከነዘመዶቻቸው ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ፣ "ልጄን ምን አደረጋችኋት? ከቤቴ ስትወጣ ገላዋ እንከን አልነበረበትም! በሽታው የናንተ ነው!" ብለው ጮሁ።

"ይውረዱ ባላምባራስ፤ መጀመሪያ እግርዎን ይታጠቡ። ነገሩ ይደርሳል" አለ አያ ዘርጋው።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ነገር አይነሳም፤ የአባት ወግ ነው። ግን ለዚያ ሁሉ እንግዳ እግር ውሃ ከየት ይምጣ? የምንጪቱ ውሃ በጠላና በወጥ አልቋል። ወይዘሮ አስካለ ጨነቃትና፣ "ለእግር ምን አለበት፣ ከወንዝ ቅዱ" አለች። ተቀዳ። አሙቃ አሪቲ ጣል አደረገችበት፤ ሽታውም ደህና ተሸፈነ። የእንግዶቹ እግር እስከ ጉልበት ታሸ። ባላምባራስማ ሙቅ ውሃው ጣማቸውና ንዴታቸውን ለጊዜው ረሱት። "አንገቴ ላይም አፍስሺበት" አሉ። ቀጥሎ እጀ ጠባባቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ትከሻዬንም፣ ጨምሪ፣ ጨምሪ" አሉ። አጣቢዋም የታዘዘችውን ጨመረች።

ዳስ ገቡ፤ ተቀመጡ። ምግቡ እስኪቀርብ አዝማሪው ማሲንቆውን መቃኘት ያዘ። በዚህ መሐል የባላምባራስ ግራ ትከሻ ነጠቅ አለ። ኮስተር ብለው ያዙት። የቀኙ ነጠቅ አለ። ትከሻ መቼም በኩራት ብቻ አይያዝም፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አዝማሪው ይህን ሲያይ የሚሆነውን አጣ። ብድግ አለና፦

"ተራራ ሲጨፍር ማን አይቶ ያውቃል፣
የጓንጉል ትከሻ ዛሬ ይናገራል!"

ብሎ ለቀቀዋ! እልልታው ቀለጠ። ዘመዶቻቸውም ታጥበዋል አይደል? አንዱ እግሩን መሬት ላይ ይፈገፍጋል፣ አንዱ ይዘላል፣ አንዱ ጀርባውን ከዳሱ ምሰሶ ጋር ያሻል። የእኛ ሰዎች፣ "ለካ ላዮቹ ጨዋታ ያውቃሉ!" እያሉ ተነስተው ፊት ለፊት ገጠሟቸው። ባላምባራስ አንገታቸውን እየሰበቁ "አይደለም! አይደለም!" ሲሉ፣ ሕዝቡ በጭብጨባ "አይደለም! አይደለም!" እያለ ይቀበላቸዋል። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

የአያ ዘርጋው እናት እማማ ትርንጎ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ዓይናቸው ደከም ያለ፣ አንደበታቸው ግን ስለት ነበር። "አንተ፣ ማሲንቆውን ያዝ!" አሉ። ዘፈኑ ቆመ፣ ጭብጨባው ቆመ፤ ባላምባራስ ግን አልቆሙም።

"ይህ ሰው እየጨፈረ አይደለም፣ እያሳከከው ነው" አሉ እማማ ትርንጎ።

ሰው ጠጋ ብሎ አየ። የላዮቹ ሁሉ እግር ቀልቷል፤ ሽፍታው ቁርጥ የሙሽሪትን ነው።

"ወይ ጉድ፣ በዘር ነው ለካ!" አለ አንዱ።

"ዝም በል አንተ! ሲገቡ ደህና አልነበሩም? አስካለ፣ በምን አጠብሻቸው?" አሉ እማማ ትርንጎ።

"በወንዝ ውሃ" አለች ወይዘሮ አስካለ፤ ድምፅዋ ወረደ።

"ሙሽሪትን አምጡልኝ።"

አንጓች ኩታዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። እማማ ትርንጎ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። "ልጄ፣ አንቺን የሚቆጣ እኔን ይቆጣ። የት ታጥበሽ ነበር?"

"ወንዝ" አለች አንጓች፤ እንባዋ ቀደማት። "በማለዳ ወጥቼ... አባባ ቤት እንደለመድኩት። ይቅር በሉኝ።"

ወይዘሮ አስካለ ግን አልተዋጠላትም። "ወንዝ ደግሞ መቼ ሰው አሳክኮ ያውቃል? እኛ ዱሮ ስንታጠብበት አልኖርንም? ልጅቷ ራሷ ገብታበት እከኩን አራግፋበት ይሆናል እንጂ!" አለች። አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀ። እውነትም፣ የእኛ ሰው የወንዙን መሽተት እንጂ ማሳከኩን አያውቅም ነበር፤ ላሞቹ ከተጸየፉት ወዲህ ገላውን የነከረበት የለም።

የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እያከከ ተቀምጧል።

አንድ ዘመዳቸው ወደ ባላምባራስ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ዝም ይበሉ ጌታዬ፤ ልጅቱን ይዘን እንውጣ" አላቸው። ዝም ካሉ ክብራቸው ይተርፋል፤ አንጓች ግን ዕድሜ ልኳን እከካም ናት። ከተናገሩ ደግሞ ገደሉን ጠይቁት ብለው ያባረሯቸው ሽማግሌዎች ሁሉ እዚያው ፊታቸው ተቀምጠዋል። ባላምባራስ ልጃቸውን አዩ። ፊቷ አብጦ አንዱ ዓይኗ ተጨፍኗል፤ እሷ ግን የምታየው የሳቸውን ትከሻ ነው፤ አባቷ ስላሳከካቸው አዝና። እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነው የማወራው፤ እዚህ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

"ልጄ ንጹሕ ናት" አሉ ባላምባራስ። "ቃጫው ነው። የኔው ቃጫ። ሠራተኞቼ ቅቤ ሳይቀቡ የማይነኩትን እናንተ ላይ ለቀቅሁት። ደግሞ አውቅ ነበር፤ አላውቅም እንዳትሉኝ።"

ተነሱና ከዳሱ ደጅ ከጉልቻዎቹ አንዱን አንስተው፣ ያ የሚበላቸው አንገት ላይ ተሸክመው አያ ዘርጋው ፊት ተንበረከኩ። "በእግዜር ይሁንብህ ዘርጋው፣ ልጄን አትመልስብኝ። ነገ ቃጫዬን ከወንዝ አወጣለሁ፤ ጉድጓዱን በገዛ እጄ እቆፍራለሁ።"

አያ ዘርጋው ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደላቸው። "ልጅቱ ድሮስ የኔ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለ። አድማሱ ይህን ሲሰማ ሽማግሌ ፊት የማይገባ ፉጨት አፏጨ። ወይዘሮ አስካለም እያፈረች ለጋ ቅቤ አምጥታ የአንጓችን ፊት በገዛ እጇ ቀባች፤ የተረፈውን ለባላምባራስ ትከሻ አደረገችው። ባሌ፣ "ባላምባራስ እኮ ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ያመኑት" ይላል። ነግሬያችኋለሁ፤ አትስሙት።

ቃጫው በማግስቱ ወጣ፤ ወይራይት ግን በማግስቱ አልጠራችም። ሰው ባንድ ቀን ያቆሸሸውን ወንዝ ባንድ ቀን አያጥበውም፤ ክረምቱ መጥቶ ካጠባት በኋላ እንኳ ላሞቹ ቶሎ አላመኗትም፤ ዓሦቹማ ከዚያም በላይ ቆዩ። እናቴም ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ያንን ዳገት ወጥታለች።

ያን ቀን ግን ድግሱ ተበላ፤ ቅልቅሉም እውነተኛ ቅልቅል ሆነ። ባላምባራስ ቅቤው እየወረደባቸው፣ ዋንጫ በአንድ እጅ፣ ትከሻቸው በሌላው፣ ነገሩ አሁንም እየገረማቸው ወደ እማማ ትርንጎ ዞር አሉ። "እማማ፣ እኔ ያንን እጣቢ ከደጄ ካሰናበትኩት ቆይቻለሁ፤ መሄጃውንም ጠይቄው አላውቅ። ዛሬ በበቅሎ ገሥግሼ ብመጣ እዚህ ሙቅ ሆኖ፣ አሪቲ ተጥሎበት ቀድሞኝ ደርሷል። ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?" አሏቸው።

እማማ ትርንጎ ዋንጫቸውን አስቀምጠው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ "ጓንጉል ልጄ፣ በወንዝ የሰደዱት አማች ቤት ይጠብቃል" አሉ።